ከሐውልቱ በስተጀርባ

ቀራፂ ድንጋዩን ሲጠርብ ወይም ነሐሱን አቅልጦ ሲያፈስ፣ ሥራው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ታይቶ እንደማያልቅ ያውቃል። ተመልካቹ ሐውልቱን ይዞረዋል፤ ይቀርበዋል፤ ይርቀዋል፤ ጧት ያየውን ከሰዓት በኋላ በሌላ ብርሃን መልሶ ያየዋል። ፎቶግራፍ አንሺ ግን በአንዲት ቦታ ይቆማል፤ አንዲት ቅጽበት ይመርጣል፤ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ያለውን ነገር ወርድና ቁመት ብቻ ባለው ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ከሦስቱ አንዱ በመንገድ ላይ ይቀራል። የቀረውን ጥልቀት በምን ይተካዋል? የውጭ ሐውልቶችን በፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

በቤተ መዘክር ውስጥ የሚቀመጥ ቅርፅ ከኋላው ግድግዳ አለው። ግድግዳው ዝም ይላል። በዐደባባይ የቆመ ሐውልት ግን ከኋላው ከተማ አለው፤ ሱቅ አለ፣ የመብራት እንጨት አለ፣ ዛፍ አለ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አለ። ቀራፂው ከእነዚህ አንዱንም አልቀረፀም። ይሁንና ፎቶግራፉ ውስጥ ይገባሉ። ጥርት ብለው ይግቡ ወይስ ደብዝዘው? ይህን የሚወስነው ከሌንሱ ፊት ለፊትና ኋላ፣ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር ያለው ነገር ጠርቶ እንደሚታይ የሚለካው ስፋት ነው። ይህም የጥራት ጥልቀት ሊባል ይችላል። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ የሙያተኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የአንድን ሕዝብ መታሰቢያ ከሚኖርበት ሕዝብ ጋር ማሳየት ወይም ለይቶ ማሳየት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ይህን ትምህርት ቀስ በቀስ፣ በብዙ ፊልም የተማረ አንድ የሥዕል መምህር አለ። በ1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ከተማ ያስተምር ነበር። ስለ ቅርፃ ቅርፅ በሚያስተምርበት ጊዜ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ከተማሪዎቹ የሚበዙት የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልትም ሆነ የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት በዓይናቸው አላዩም። በመሆኑም ከደመወዙ እየቆጠበ አንድ ያገለገለ ዜኒት ካሜራ ገዛ። ሶቪየት ሠራሽ ናት፤ ብረቷ ከባድ ነው፤ መዝጊያዋ ሲወርድ በር የተዘጋ ያህል ድምፅ ታሰማለች። ሌንሷ 58 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሄሊዮስ ነበር።

ይህ ሌንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የተለየ ጠባይ ያሳያል። ከኋላ ያሉትን የዛፍ ቅጠሎች ጎትቶ፣ አዙሮ፣ በማሰሮ ውስጥ እንደሚማሰል ነገር ያሽከረክራቸዋል። በመካከል ያለው ምስል ብቻ ጠርቶ ይቆማል። መምህሩ ይህን ውበት ወደደው። በዕረፍቱ ወራት አዲስ አበባ እየሄደ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሐውልቶቹን አነሣ። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ያማሩ ነበሩ። ይዟቸው ወደ ክፍል ገባ። ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ከወደ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ይህ ሐውልት የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ ነው።»

ልጅቱ ፎቶውን ደግማ አየችው። «አዲስ አበባስ የታለች?» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ጥያቄውን ይዞት አደረ። ተማሪዋ የጠየቀችው ስለ ቴክኒክ አልነበረም። ሐውልት የሚቆመው በሰው መካከል መሆኑን ሰምታለች፤ ፎቶግራፉ ላይ ግን ያየችው በጭጋግ ውስጥ የተንሳፈፈ ነሐስ ነው።

በቀጣዩ ዕረፍት ጥያቄውን ይዞ አራዳ አካባቢ ለብዙ ዘመን ፎቶ ቤት ወደነበራቸው አንድ አዛውንት ዘንድ ሄደ። አዛውንቱ ፎቶዎቹን በመስኮቱ ብርሃን አንድ በአንድ አዩና ካሜራዋን ተቀበሉት። «ልጅቷ ልክ ናት» አሉት። «ዳራውን ማጥፋት ነውር አይደለም፤ ለምን እንዳጠፋኸው ስትጠየቅ መልስ ከሌለህ ግን አንተ ሳትሆን ሌንሱ ነው ያነሣው።»

ከዚያም በሌንሱ አንገት ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አሳዩት። 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚገልጸው የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ወርድ ሲካፈል ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ነው። ሌንሱ 58 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ2 ላይ የቀዳዳው ወርድ 29 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ16 ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ዐይኑ የደከመ ሰው የሩቁን ለማየት ሽፋሽፍቱን እንደሚያጨነቁር ሁሉ፣ ሌንስም ቀዳዳው በጠበበ መጠን ከፊትም ከኋላም ያለውን አጥርቶ ያያል።

የሄሊዮስ ሌንስ ሁለት ቀለበቶች አሉት። በአንደኛው ቁጥሩ ይመረጣል፤ ሁለተኛው ቀዳዳውን ይከፍታል፤ ወደተመረጠው ቁጥርም ይዘጋል። አዛውንቱ ያዘዙት የመጀመሪያ ልምምድ ፊልም የማይፈልግ ነበር። በመመልከቻው ውስጥ እያየ ሁለተኛውን ቀለበት ቀስ ብሎ እንዲያዞር አደረጉት። ቀለበቱ ሲዞር ምስሉ ይጨልማል፤ ሲጨልምም ከሐውልቱ በስተጀርባ ቅርፅ አልባ የነበረው ነገር መልክ ይይዛል። አንድ ነጭ ነጠብጣብ ነጠላ የለበሰች ሴት ይሆናል። አንድ ግራጫ ጥላ የቤት ጣሪያ ይሆናል። መምህሩ ይህን ለብዙ ቀናት ያለ ፊልም ሠራ። ሐውልት አይሄድም፤ አይደክምም፤ ቶሎ በል አይልም። «ሰው ስታነሣ ብትሳሳት ሰውየው ተንቀሳቀሰ ትላለህ፤ ሐውልት ፊት ግን ሰበብ የለህም» ይሉት ነበር አዛውንቱ።

ቀጥሎ የመጣው መለካት ነው። መምህሩ ርምጃውን በሜትር ለካና ርቀትን በእግሩ መቁጠር ተማረ። በዚህ ሌንስ በ4 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ሲነጣጠር፣ በ2 ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ከ3.7 እስከ 4.3 ሜትር ያለው ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። በ8 ቁጥር ከ3.1 እስከ 5.6 ሜትር ይደርሳል። በ16 ደግሞ ከ2.5 ሜትር ተነሥቶ ከ9 ሜትር ያልፋል። ከዚህ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ጥራቱ ከፊት ይልቅ ወደ ኋላ ይበልጥ ይሰፋል። ርቀቱም የራሱ ሕግ አለው። በ2 ቁጥር ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር የቀረበ ሰው የጥራቱን ጥልቀት በግማሽ አይደለም የሚያጣው፤ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፤ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። ይህም ማለት የሐውልቱ አፍንጫ ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። ረዘም ያለ የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስም ከዚያው ከቆመበት ሲነሣበት ጥልቀቱን በዚሁ መጠን ያሳጥረዋል።

ይህ ትምህርት በሥራ የተፈተነው በምኒልክ ዐደባባይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቦታው ተነሥቶ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊቶቹን አንሥቷል። ከፊት ለፊት የሚያነሣው ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ የፈረሱ ሰኮና ወደ እርሱ መጥቷል፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ወደ ኋላ ርቋል። ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቶ ሰኮናውን ያነጣጠረ እንደሆነ ፈረሰኛው ይደበዝዛል፤ ፊቱን ያነጣጠረ እንደሆነ ሰኮናው እንደ ጢስ ይበተናል። መምህሩ ሁለቱንም ሞከረ። ሰኮናው ሲጠራ የፈረስ ሐውልት ሆነ። ፊቱ ብቻ ሲጠራ ፈረሱ ያነሣው ኃይል ጠፋ። ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ቀዳዳውን ወደ 8 አጥብቦ፣ ከሰኮናውና ከፊቱ መካከል ሲያነጣጥር ግን ሁለቱ ተገናኙ። ቀራፂው አንድ አድርጎ የሠራውን ሥራ ሌንሱ ከፋፍሎት ነበር፤ ርቀቱና ቁጥሩ መልሰው አገጣጠሙት።

በዚሁ ዐደባባይ ላይ ሌላም ነገር ተገለጠ፤ የጥራት ጥልቀት የሰዓት ጉዳይ መሆኑ። ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም የጎረሰ ካሜራ፣ የጥቅምት ፀሐይ ቀጥ ብላ በወጣችበት ሰዓት፣ በ16 ቁጥር ሲሠራ መዝጊያው ለሴኮንድ 125ኛ ያህል መከፈት ይበቃዋል። በዚያው ፀሐይ ቀዳዳውን እስከ 2 መክፈት ከተፈለገ ስድስት ደረጃ መውጣት ነው፤ ብርሃኑም በየደረጃው እጥፍ ስለሚሆን መዝጊያው የሴኮንድ 8000ኛ መፍጠን ይኖርበታል። የዜኒት መዝጊያ ግን ከ500ኛ አያልፍም። ስለሆነም በቀትር ከ8 በታች መክፈት አይቻላትም። ድብዝዝ ዳራ የሚፈልግ ሰው ንጋትን ወይም የፀሐይን መግቢያ መጠበቅ አለበት። ቀትር፣ ሰው ቢወድም ባይወድም፣ ከተማዋን ከሐውልቱ ጋር ያሳያል። መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ጎሕ ሲቀድ በማንሣቱ ዐደባባዩን ብቻ ሳይሆን የዐደባባዩን ሰው ጭምር ያጣው ለዚህ ነበር። በዚያ ሰዓት ገበያ አልተከፈተም፤ ተማሪ አልወጣም፤ ሊስትሮው ሳጥኑን አላወረደም።

በተቃራኒውም ዋጋ የሚያስከፍል ነገር አለ። በደመናማ ቀን ቀዳዳውን ወደ 16 ያጠበበ ሰው መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ መክፈት አለበት፤ ካሜራውንም በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ነሐሱ ይጠራል፣ የሩቁ ሕንፃ ይጠራል፤ በመካከል የሚራመደው ሰው ግን ይበተናል፤ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጥልቀት የሚገዛው በጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ከሚንቀሳቀስ ሁሉ ላይ ይቀንሳል። ድንጋዩን ለማጥራት ሲባል ሕዝቡ የሚደበዝዝበት ፎቶግራፍ ይህን ይመስላል።

ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነ። ይህ ሐውልት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ በግፍ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚዘክር ነው። የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። ከግርጌው ከገጽታው ብቅ ብለው የተቀረፁ የነሐስ ምስሎች አሉ። መምህሩ በመጀመሪያ ከጎን ሆኖ አነሣቸው፤ ከጎን ሲታይ የሰዎቹ ሰልፍ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ነገር ግን በ4 ቁጥር ከቅርቡ ሁለት ምስል ብቻ ጠራ፤ የቀሩት ፊታቸውን አጡ። ከዚያ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ካሜራውን ከነሐሱ ገጽ ጋር ትይዩ አድርጎ በዚያው በ4 ሲያነሣ ሁሉም ጠሩ። የጥራት ጥልቀት እንደ ግድግዳ ከካሜራው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚቆም ነገር ነውና፣ ሰልፉ ከግድግዳው ጋር ሲስተካከል ጥቂት ጥልቀት ለሁሉም ይበቃል፤ ሰልፉ ሲያጋድል ግን ብዙ ጥልቀት ይጠይቃል።

አዛውንቱ ሁለቱን ፎቶዎች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው አነጻጸሩ። ፊት ለፊት የተነሣው ሙሉ ነው፤ ሁሉም አለ። ነገር ግን ሰልፍነቱ ቀንሷል። «አሁን ከጎን ሆነህ በ16 አንሣው» አሉት። በቀትር ፀሐይ፣ ከጎን፣ በ16 የተነሣው ሦስተኛ ፎቶ የመጀመሪያውን ርዝመትና የሁለተኛውን ሙሉነት ያዘ። ብዙ ሰው የሞተበትን ቀን የሚዘክር ሥራ ላይ ሁለት ፊት አጥርቶ የቀረውን ማደብዘዝ ምን ማለት እንደሆነ አዛውንቱ አልተናገሩም። መምህሩም አልጠየቀም። የመጀመሪያውን ፎቶ ግን ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቹ አላሳየም።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም ነገር በ16 ማንሣት ጀመረ። ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ አንዱን ጥግ ሲተው ወደ ሌላው ጥግ ይሮጣል። አሁን ከተማዋ በፎቶው ውስጥ ነበረች፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ነበረች። የመብራት ሽቦ በፈረሰኛው አንገት ላይ አለፈ። ከጳጳስ ራስ ላይ የምሰሶ ጫፍ በቀለ። የሚጠራው ሁሉ እኩል ሲጠራ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል። ሽቦው ቀርቦ፣ ሐውልቱ ርቆ፣ ሁለቱ ተጣብቀው ታዩ፤ ወረቀት ላይ በመካከላቸው ያለው አየር የለምና።

መድኃኒቱ ሽቦውን ማደብዘዝ ብቻ አልነበረም። ሁለት ርምጃ ወደ ግራ ሲሄድ ምሰሶው ከራሱ ላይ ወርዶ ትከሻው አጠገብ ቆመ። ዝቅ ሲል ራሱ ወደ ሰማይ ወጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለቱ ጥጎች መካከል ሰፊ ሜዳ መኖሩን አገኘ፤ በ5.6 እና በ8 ላይ ዳራው ለስለስ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሱቁ ሱቅ መሆኑ ይታወቃል፤ በሩ ላይ የተጻፈው ግን አይነበብም። ሰውየው ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ ማንነቱ ግን አይለይም። ዐይን መጀመሪያ ወደ ሐውልቱ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ወደ ከተማው ይወጣል፣ ከዚያም ይመለሳል። ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዋናው ተዋናይ ሲናገር የቀሩት ከመድረክ አይወጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ።

ይሁንና ልስላሴም ውሳኔ ነው። አንድን በር ሱቅ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ማሳየት፣ የማን ሱቅ መሆኑን መደበቅ ነው። ስለዚህ አዛውንቱ አንድ ሥርዓት ሰጡት፤ «ሁለት ጊዜ አንሣ። አንዱን ለሐውልቱ፣ አንዱን ለቦታው።» ፊልም ውድ ነበር፤ 36 ፎቶ የሚያነሣው ፊልም 18 ብቻ ሆነ። መምህሩ ግን ትእዛዙን አከበረ።

በዚህ ሥርዓት ከተነሡት መካከል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሁለት ፎቶዎች ይገኛሉ። አቡነ ጴጥሮስ የፋሺስትን ወረራ በማውገዛቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው የተሠዉ አባት ናቸው። የመጀመሪያው ፎቶ በንጋት፣ ከ6 ሜትር፣ በ2 ቁጥር የተነሣ ነው። ከ5.4 እስከ 6.7 ሜትር ካለው በቀር ምንም አይጠራም። ጳጳሱ ብቻቸውን ናቸው። ዳራው በሙሉ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ቀለጠ። ሁለተኛው በዚያው ቀን ከረፋዱ በኋላ፣ ከዚያው ቦታ፣ በ16 ቁጥር ተነሣ፤ ከ3.2 ሜትር እስከ 40 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል። ከዐደባባዩ ማዶ ያሉት ቤቶች፣ የቆርቆሮ ጣሪያቸው፣ ደጃፍ ላይ የቆሙ ሰዎች፣ አንድ ሰማያዊ በር ይታያሉ።

በ2005 ዓ.ም. ለከተማዋ የባቡር መስመር ሥራ ሲባል ሐውልቱ ከቦታው ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ተተከለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በአካባቢው ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወሩ። መምህሩ በቀጣዩ ዓመት ፎቶዎቹን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ሰቀለ። ሁለቱን የአቡነ ጴጥሮስ ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ተመልካቹ የበዛው በመጀመሪያው ፊት ነበር። ውበቱ ያስቆማል፤ ብቸኝነቱ ልብ ይነካል።

አንዲት እናት ግን ከሁለተኛው ፊት አልተነሡም። መነጽራቸውን አውልቀው አበሱና መልሰው አደረጉ። ጣታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው ሰማያዊውን በር ነኩ።

«ይህ የእኔ በር ነው» አሉ።

መምህሩ ቀረብ ብሎ «እዚያ ይኖሩ ነበር እማማ?» አላቸው።

«ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያ ነው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «የኔ ልጅ፣ በሬን ከፍቼ በየጧቱ አቡኑን አያቸው ነበር። ከአቡኑ ዘንድ ቆሜ በሬን አይቼው ግን አላውቅም። እንዲህ ነበር ለካ የሚያዩን።»

የዚያን ዕለት ከተነገረው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሐውልትን ሰው ሁሉ የሚያየው ከራሱ ደጃፍ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን ከሐውልቱ ወገን ቆሞ ደጃፉን ሊያሳይ ይችላል። እናቲቱ የጠየቁት የሁለተኛውን ፎቶ አንድ ቅጂ ነው። መምህሩም ትልቅ አድርጎ አሳትሞ ሰጣቸው፤ በሩ ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ሳይቀር ይታይ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያ በር ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። ያን ነጠብጣብ ማንም አጉልቶ፣ በምንም ብልሃት፣ ወደ በር ሊመልሰው አይችልም። ሌንስ በሚነሣበት ሰዓት ያልጻፈውን ማንም በኋላ አያነበውም።

እንዲህ ሲባል የመጀመሪያው ፎቶ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ በመጨረሻዋ ሰዓት ብቻቸውን ቆመዋልና፣ ብቻቸውን የሚያሳየው ፎቶ የራሱ እውነት አለው። ቀራፂውም ቢሆን ሱቁን አላሰበም፤ ሰማዕቱን አሰበ። የቅርፁን ገጽታ፣ የነሐሱን ወይም የድንጋዩን ጠባሳ፣ የልብሱን እጥፋት ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ የተደበዘዘ ዳራ ይጠቅመዋል። ጥያቄው የትኛው ይበልጣል አይደለም፤ አንሺው የሚያስቀረውንና የሚያሳየውን አውቆ መርጧል ወይ ነው።

የአዲስ አበባ ሐውልቶች ታሪክ ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወራሪ ተወስዶ ሮም ላይ ቆሞ ነበር፤ ያው አንበሳ፣ ያው ቅርፅ፣ ግን ከኋላው ያለው ከተማ የማረከው ሲሆን ትርጉሙ ሌላ ነበር። የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከቆመበት ወርዷል፤ ስፍራው ምን ይመስል እንደነበረ የሚናገሩት ዳራቸው የጠራ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአጠገቡ ሲከፈት የምኒልክ ሐውልት አካባቢ መልኩን ለወጠ። ነሐስ ለዘመናት እንዲኖር ተብሎ ይፈስሳል፤ ከኋላው ያለው ግን የሚኖረው ለአንድ ትውልድ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህም ቶሎ የሚያልፈው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አንሺ፣ ዳራውን ከሐውልቱ ባላነሰ ጥንቃቄ ይይዘዋል።

ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራ ይዟል። የእጅ ስልክ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ትንሽ፣ ሌንሱም አጭር በመሆኑ በተፈጥሮው ብዙ ጥልቀት ይሰጣል፤ ሐውልቱም ሱቁም አብረው ይጠራሉ። ነገር ግን ስልኩ ዳራውን በስሌት እንዲያደበዝዝ የሚታዘዝበት ቁልፍ አለ። ያን ጊዜ ማሽኑ ሐውልቱ የት እንደሚያበቃ ይገምታል፤ አንዳንዴም የጦሩን ጫፍ ወይም የፈረሱን ልጓም ከዳራው ቆጥሮ አብሮ ያደበዝዘዋል። ይህ መሣሪያ ክፉ አይደለም፤ ሳያስቡ የተጫኑት እንደሆነ ግን አዛውንቱ የነቀፉትን ሥራ ይሠራል።

መምህሩ አሁን ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። ተማሪዎቹን ወደ ዐደባባይ ይዞ ሲወጣ መጀመሪያ ስልካቸውን በኪሳቸው እንዲያስገቡ ያደርጋል። ሐውልቱን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያ ጀርባቸውን ለሐውልቱ ሰጥተው ከፊታቸው የሚያዩትን ሁሉ በወረቀት ይጽፋሉ፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ የመንገዱን ስም፣ የሚሸጠውን ነገር። ከዚያ በኋላ ሁለት ፎቶ ያነሣሉ፤ በእያንዳንዱም ግርጌ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታና ከሐውልቱ ያላቸውን ርቀት ያስፍራሉ። ካሜራ ያላቸው የቀዳዳውን ቁጥር ይጨምራሉ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ይህን ትንሽ ልማድ ለየአካባቢያቸው ሐውልት ቢይዙት ወጪው ከአንድ ፎቶግራፍ አይበልጥም። ትርፉን ዛሬ ላይ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ ነገ በርዋን የምትፈልግ አንዲት እናት መጥታ በጣቷ ትጠቁመዋለች።